የውሻ ሕመም ታሪክ፦ ከአዳኞች እጅ እስከ ሐኪሞች መለኪያ

ውሻ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው እርሻም ሆነ የከብት እርባታ ከመታወቁ በፊት እንደሆነ የጥንቱን ዘመን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ይሁንና ይህ ከለማዳ እንስሳት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ፍጡር ሕመሙ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። ለመዘግየቱ ምክንያቱ የመድኃኒት እጦት ነው ብሎ መገመት ቢቀልም ታሪኩ ሲመረመር የሚታየው ሌላ ነው። ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ላይ መዋሉ በይፋ ከታወቀ በኋላ፣ በዘመናዊ ሕክምና ቀደምት ከሆኑት አገሮች አንዷ በነበረችው በብሪታንያ እንኳ፣ የሚታከም ውሻ እንዲደነዝዝ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል። የሕመም ማስታገሻም በሐኪሞች መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከቀዶ ሕክምና የወጡ ብዙ ውሾች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ያለ ማስታገሻ ያድሩ ነበር። የጎደለው መድኃኒቱ ሳይሆን፣ መናገር የማይችል ፍጡር ሕመም እውነተኛ መሆኑን የሚቀበል አስተሳሰብና ያንን ሕመም የሚለካ ዘዴ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ውሻ አያያዝ ከተጻፉት ጥንታዊ ሥራዎች መካከል፣ የታላቁ እስክንድርን ዘመቻ በመጻፉ የሚታወቀውና በ2ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ መንግሥት የቀጰዶቅያ ገዥ የነበረው አርያኖስ ስለ አደን ያዘጋጀው ድርሳን ልዩ ቦታ አለው። ከእርሱ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ግሪካዊው ዜኖፎን በዚሁ ርእስ ጽፎ ነበር፤ አርያኖስ ግን ዜኖፎን ያላወቃቸውን ፈጣኖቹን የኬልት አዳኝ ውሾች መነሻ አድርጎ፣ ሆርሜ የምትባል የራሱን ውሻ ጠባይ ጭምር እየጠቀሰ፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለ መኝታቸውና ከሩጫ በኋላ ስለሚያስፈልጋቸው ዕረፍት በዝርዝር አስፍሯል። የውሻን መላ ሰውነት ማሸት ለፈረስ ከሚሰጠው ያላነሰ ጥቅም እንዳለው፣ እግሮቹን እንደሚያጠነክርና ጠጉሩን እንደሚያለሰልስ ከገለጸ በኋላ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ግራ እጅ ከሆድ ሥር ገብቶ ሰውነቱን ሲደግፍ ቀኝ እጅ ጀርባውንና ወገቡን ያሻል፤ ከላይ ብቻ ከተጫኑት ውሻው ወደ መሬት ተጎንብሶ ሊጎዳ ይችላልና። ከዚያም የጎን አጥንቶቹ በሁለት እጅ፣ ቀጥሎ ታፋው እስከ እግሩ ጫፍ፣ ትከሻውም ጭምር ይታሻል፤ ሲለቀቅም ሰውነቱን የሚያራግፍ ከሆነ መታሸቱን እንደወደደው ማሳያ ነው። የኢትዮጵያ ወጌሻ ቢያየው እንግዳ የማይሆንበት አሠራር ነው።

አርያኖስ በዚህ ሳይወሰን፣ ውሻ ለስላሳና ሞቃት መኝታ እንደሚያሻው፣ ከተቻለም ሰው አጠገቡ ቢያድር እንደሚሻል ይመክራል። ለዚህ ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ውሻው ከሰው ጋር ይበልጥ መላመዱ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ አጠገቡ የሚያድረው ሰው እንስሳው ሌሊት መታመሙን ወይም መጠማቱን በቶሎ ማወቅ መቻሉ ነው። በዚህ ምክር ውስጥ አካልን፣ ዕረፍትንና የመንፈስ መረጋጋትን በአንድነት የሚያይ፣ ዛሬ ሁለንተናዊ ደህንነት የሚባለው አመለካከት ገና ስም ሳይወጣለት ይታያል። ሕመሙን መናገር የማይችልን ፍጡር ለማወቅ አብሮ መኖርና አዘውትሮ ማየት እንደሚያስፈልግም በውስጡ ተመልክቷል።

ይህ የአዳኞች ዕውቀት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም አልጠፋም። ጋስቶን ፌቡስ የተባለው የደቡብ ፈረንሳይ መስፍን ከ1387 እስከ 1389 ባለው ጊዜ ባስጻፈው የአደን መጽሐፍ ውስጥ ስለ ውሾች ማደሪያ ንጽሕና፣ ስለ በሽታዎቻቸውና ስለ አያያዛቸው ሰፋ ያለ ክፍል መድቧል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተዘጋጀውና ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ባለ ሥዕል ቅጂ የውሻ ጠባቂዎችን በሥራ ላይ ያሳያል፤ አንዱ የውሻውን አፍ ከፍቶ ይመረምራል፣ ሌላው በሩጫ የተጎዳ መዳፍ ያክማል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እንክብካቤ የመኳንንት አደን አካል ስለነበር፣ ከአዳኞች ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። በእጅና በቃል የሚተላለፍ ሙያ እንደሆነ ቀረ።

የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘነበለ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ሥራው የእንስሳትን አካል በራሱ ከሚንቀሳቀስ መሣሪያ ጋር አመሳሰለው፤ ከተከታዮቹም አንዳንዶቹ ይህን ሐሳብ ለጥጠው የውሻ ጩኸት ከመሣሪያ ድምፅ የተለየ ትርጉም የለውም እስከማለት ደረሱ። ትምህርቱ ያለ ተቃውሞ አልቀረም። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንተም በ1789 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ ለእንስሳት ከሚደረግ ጥበቃ አንጻር መጠየቅ ያለበት ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን መሠቃየት መቻላቸው መሆኑን ተከራክሯል። ነገር ግን ክርክሩ በፍልስፍና መድረክ ሲካሄድ፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ከዚህ በእጅጉ በተለየ ምክንያት ነበር።

ክሎድ ቡርዠላ በ1761 ፈቃድ አግኝቶ በሊዮን ከተማ ያቋቋመው ትምህርት ቤት በዘመናዊው ዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በፓሪስ አቅራቢያ የአልፎር፣ በ1791 ደግሞ የለንደን ተከተሉት። እነዚህን ትምህርት ቤቶች የወለዳቸው የፈረሰኛ ጦር ፍላጎትና የአውሮፓን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። የዚህን በሽታ ክብደት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ክፉ ቀን ከዋና መነሻዎቹ አንዱ ይኸው የከብት እልቂት ነውና። የአገር ሀብት፣ እርሻና ጦር በፈረስና በበሬ ጀርባ ላይ በቆሙበት ዘመን ሐኪሙ ውሻን ማየቱ እንደ ክብር መቀነስ ይቆጠር ስለነበር፣ በ1817 ስለ ውሻ በሽታዎች የተሟላ መጽሐፍ ያሳተመው ደላቢር ብሌይን፣ ከእርሱም ጋር የሠራውና በ1845 ስለ ውሻ የጻፈው ዊልያም ዩዋት በሙያቸው ውስጥ ጥቂት ተባባሪ የነበራቸው ፈር ቀዳጆች ናቸው። ሕጉም የሄደው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። በ1822 የወጣው የብሪታንያ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ፈረስን፣ ከብትንና በግን ሲጠብቅ ውሻን አላካተተም፤ ውሻ በሕጉ ጥላ ሥር የገባው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1835 ነው።

በጥቅምት 1846 በቦስተን ከተማ አንድ ታካሚ የኤተርን ጭስ ስቦ ያለ ሕመም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ የሕክምና ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ። ማደንዘዣውን የሰጠው የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን አስቀድሞ ሙከራውን ያደረገው በውሻ ላይ ስለነበር፣ ውሻ ለሰው ልጅ ከቢላዋ ሕመም መዳን መንገድ ከጠረጉት ፍጡራን አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1847 መጀመሪያ ኤድዋርድ ሜይሂው የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኤተርን በውሾችና በድመቶች ላይ ሞከረ፤ ውጤቱ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጠውም። እንስሳቱ ደንዝዘውም ድምፅ ያሰሙ ነበርና፣ ያ ድምፅ የሕመም ይሁን አይሁን ማረጋገጥ እንደማይቻል ጻፈ፤ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልተገኘ ድረስ ግን የሥቃይ ምልክት ተደርጎ መወሰድ እንዳለበት አከለ። የሜይሂው አቋም በጥርጣሬ ጊዜ ለእንስሳው መፍረድን የሚያስቀድም ነበር፤ ሙያው በአብዛኛው የተከተለው ግን ተቃራኒውን ሲሆን፣ ሕመሙ ካልተረጋገጠ የለም የሚለው ብያኔ ከመቶ ዓመት በላይ ገዝቷል።

በዚያው ዘመን የፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሕያዋን አካል አሠራር ጥናት በሕይወት ያለን እንስሳ ከፍቶ በመመርመር ላይ ተመሥርቶ በፍጥነት ያድግ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ለዚህ የዋለው ደግሞ በቀላሉ የሚገኘውና ገራሙ ውሻ ነበር። የሕዝቡ ቁጣ ከፍ እያለ በመሄዱ የብሪታንያ ፓርላማ በ1876 ባወጣው ሕግ ተመራማሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡና፣ በተለይ ከተፈቀደው በቀር፣ እንስሳውን እንዲያደነዝዙ አስገደደ። ከዚህ ሕግ የሚነሳው አሳዛኝ ሐቅ፣ በቤተ ሙከራ የሚሞተው ውሻ በሐኪም ቤት ከሚታከመው ውሻ አርባ ዓመት በላይ ቀድሞ የማደንዘዣ ሕግ ማግኘቱ ነው።

ሕጉ ምን ያህል እንደሚሠራ የተፈተነው ቡናማው ውሻ እየተባለ በሚታወቀው የለንደን ክርክር ነው። በየካቲት 1903 ዊልያም ቤይሊስ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ለተማሪዎች ስለ ምራቅ ዕጢዎች ባሳየው ሙከራ ላይ አንድ ትንሽ ቡናማ ውሻ ቀረበ፤ ውሻው ከሁለት ወር በፊት ለሌላ የቆሽት ጥናት ተከፍቶ የነበረ ነው። በአዳራሹ የነበሩት ሊዚ ሊንድ አፍ ሃጌቢና ሊዛ ሻርታው የተባሉ ሁለት ስዊድናውያት ውሻው በቂ ማደንዘዣ እንዳልተሰጠውና ሲታገል እንደነበር ጻፉ፤ እንስሳትን በሕይወት መክፈትን የሚቃወመው ማኅበር መሪ ስቲቨን ኮለሪጅም ክሱን በአደባባይ ደገመው። ቤይሊስ ሞርፊንና የአልኮል፣ የክሎሮፎርምና የኤተር ድብልቅ መሰጠቱን፣ የታየውም እንቅስቃሴ ያለ ሕመም የሚመጣ የጡንቻ መወራጨት መሆኑን ተከራክሮ በስም ማጥፋት ክሱ አሸነፈ፤ 2,000 ፓውንድ ካሳም ተፈረደለት። ጉዳዩ ግን በፍርዱ አላበቃም። በ1906 በባተርሲ ሠፈር ለውሻው ሐውልት ቆመለት፣ በ1907 የሕክምና ተማሪዎች በለንደን ጎዳናዎች ሁከት አስነሡበት፣ በ1910 ሐውልቱ በሌሊት ተነሣ፤ በ1985 ደግሞ አዲስ ሐውልት በባተርሲ መናፈሻ ቆመ።

በዚህ ክርክር ከአሸናፊውና ከተሸናፊው ይልቅ ትኩረት የሚገባው የክርክሩ መሠረት ነው። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተመለከቱ ሰዎች፣ አንዱ ወገን ሥቃይ ሌላው ወገን ትርጉም የለሽ መወራጨት ነው ሲሉ፣ በመካከላቸው የሚዳኝ የጋራ መለኪያ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ የሰዎችን ምስክርነት እንጂ የውሻውን ሁኔታ ሊመዝን አልቻለም። ይህ ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ሕግም ሆነ መድኃኒት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት አረጋግጠዋል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞተር የፈረስን ቦታ መውሰዱ የእንስሳት ሐኪሞችን ወደ ቤት እንስሳት እንዲያተኩሩ ገፋፋቸው። በለንደን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያስተማረው ፍሬድሪክ ሆብዴይ ክሎሮፎርምን በውሾች ላይ በጥንቃቄ መጠቀም እንደሚቻል በተግባር ካሳዩት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሲሆን፣ በ1915 ስለ እንስሳት ማደንዘዣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1917 ማሪያ ዲኪን በድሆች ሠፈር በኋይትቻፕል አንድ ምድር ቤት ተከራይታ፣ ባለቤቶቻቸው መክፈል የማይችሉ የታመሙ እንስሳት በነፃ የሚታከሙበትን ቤት ከፈተች፤ የውሻን ሕመም ማስታገስ ከመኳንንት አደን ወጥቶ የድሃ ቤት መብት የሆነበት እርምጃ ይህ ነበር። በ1919 ደግሞ ፓርላማው በተዘረዘሩ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ላይ እንስሳት እንዲደነዝዙ የሚያስገድደውን ሕግ አወጣ።

ይሁንና ሕጉ የሚጠብቀው ውሻው በቢላዋ ሥር ያለበትን ሰዓት ብቻ ነበር። ማደንዘዣው ከለቀቀው በኋላ የሚመጣው ሕመም የማንም ኃላፊነት አልሆነም፤ ይባስ ብሎም ሕመም እንስሳው እንዳይንቀሳቀስና ስፌቱ እንዳይፈታ ይጠቅማል የሚል ትምህርት በሰፊው ይሰጥ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን በ1913 ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ትምህርት፣ ሳይንስ ከውጭ የሚታይን ጠባይ እንጂ ውስጣዊ ስሜትን ማጥናት የለበትም ማለቱ ለዚህ አመለካከት ተጨማሪ ድጋፍ ሰጠው። በአንድ የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከ1983 እስከ 1989 ድረስ የታከሙ 258 ውሾችና ድመቶች መዝገብ ተመርምሮ በ1993 ሲታተም፣ ከውሾቹ የሕመም ማስታገሻ ያገኙት 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ፈላስፋው በርናርድ ሮሊን በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ቸልተኝነት ሥር ከመረመረ በኋላ፣ የእንስሳትን ሕመም መካድ ራሱ በማስረጃ ያልተደገፈ እምነት እንደነበር አሳይቷል።

ለውጡን ያመጣው ሕመም ራሱ ምን እንደሆነ የተገኘው አዲስ ዕውቀት ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ መሠረት፣ ከተጎዳ አካል የሚነሳ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሊጠነክር ወይም ሊዳከም ይችላል፤ የመዳሰስና የመታሸት ስሜትም መልእክቱን ከሚያዳክሙት አንዱ ነው። አርያኖስ በእጁ ያወቀው ጉዳይ በዚህ መንገድ ከ1,800 ዓመት በኋላ ሳይንሳዊ ማብራሪያ አገኘ። ክሊፎርድ ዉልፍ ደግሞ በ1983 እንዳሳየው፣ ያልታከመ ሕመም የነርቭን ሥርዓት ራሱን ስለሚለውጠው፣ ቆይቶ ትንሽ ንክኪ እንኳ ከባድ ሥቃይ ይሆናል። ሐኪሞች ማስታገሻን ከቀዶ ሕክምናው አስቀድመው መስጠት የጀመሩት ከዚህ ግኝት ተነሥተው ነው።

ሕመም ከሕይወት አኗኗር ተነጥሎ እንደማይታይ ግን ከእነዚህም ቀድሞ ታይቶ ነበር። ሜልዛክ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1957 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰውና ከሌሎች ውሾች ተለይተው በጠባብ ሣጥን ያደጉ የስኮትላንድ ዝርያ ቡችላዎች፣ ካደጉ በኋላ አፍንጫቸውን ከሚነድ ክብሪት ጋር እያስነኩ፣ ተቃጥለውም ተመልሰው ያሸቱት ነበር። ውሻ ከጉዳት ራሱን መጠበቅን ጭምር የሚማረው ከሌሎች ጋር በመኖር መሆኑን፣ ብቸኝነትም የእንስሳን የሕመም ስሜት ሥርዓት እንደሚያዛባ ይህ ልብ የሚነካ ሙከራ መስክሯል።

ከዚህ በኋላ የቀረው መለኪያ ነበር፤ እርሱም የተገኘው በስኮትላንድ ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 ያወጡትና በ2007 ያሳጠሩት የሕመም መመዘኛ፣ ሐኪሙ ግምቱን ሳይሆን ያየውን እንዲጽፍ ያደርገዋል። መርማሪው በመጀመሪያ በሩን ሳይከፍት ውሻው ዝም ማለቱን፣ ማልቀሱን ወይም ማቃሰቱን፣ ቁስሉንም መመልከቱን ወይም መላሱን ይመዘግባል። ቀጥሎ አስነሥቶ አረማመዱን ያያል፤ ከቁስሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በቀስታ ጫን ሲለው ዞር ብሎ ማየቱን፣ መሸሹን ወይም ለመንከስ መቃጣቱን ያስተውላል፤ በመጨረሻም ጠቅላላ ስሜቱንና አቀማመጡን ይመዝናል። ድምሩ ከ24 ነጥብ 6 ከደረሰ ማስታገሻ መጨመር እንዳለበት ይታሰባል። በቡናማው ውሻ ክርክር ጊዜ ያልነበረው የጋራ ዳኛ ይህ ነበር። በፊንላንድ የተዘጋጀው የሄልሲንኪ መጠይቅ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ውሾች ባለቤቶች 11 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ አብሮ የሚኖር ሰው ምስክርነትም በዚህ መንገድ ወደ ሕክምናው ተመልሶ ገብቷል።

መድኃኒቶቹም ተሻሻሉ። በ1996 በአሜሪካ ለውሾች የተፈቀደው ካርፕሮፌን የመገጣጠሚያ ብግነትን በየቀኑ ለመቆጣጠር መንገድ ከፈተ፤ በ2020 በአውሮፓ የተፈቀደው ቤዲንቬትማብ ደግሞ የሕመም መልእክትን የሚያባብሰውን የነርቭ ዕድገት ፕሮቲን የሚያግድ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ነው። ሆኖም ከመድኃኒት ውጭ ካሉት እርዳታዎች አንዱ፣ ማለትም ክብደትን በልክ መያዝ፣ ጠንካራ ማስረጃ አለው። በ2002 የታተመና 48 ላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልክ የተከታተለ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው 25 ከመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል፣ የመገጣጠሚያ ብግነታቸውም ዘግይቶ ታይቷል። ልከኛ ክብደት፣ ለስላሳ መኝታ፣ በመጠኑ የሚደረግ የእግር ጉዞ፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ መራመድና በሠለጠነ እጅ መታሸት ዛሬ የእንስሳት ማገገሚያ ሕክምና አካል ሲሆኑ፣ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ዘርፍ በ2010 ራሱን የቻለ ልዩ ሙያ አድርገው ተቀብለውታል። በቀጭን መርፌ የሚሰጠው አኩፓንቸር ተጨማሪ እርዳታ ሆኖ ቢሠራበትም ማስረጃው የተደባለቀ ስለሆነ፣ በተረጋገጠ ማስታገሻ ምትክ ሊቀርብ አይገባም፤ ገርነት ማለት መድኃኒት መከልከል አይደለምና።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜው፣ ሕመምን በቃል መግለጽ አለመቻል ሰውም ሆነ ሌላ እንስሳ ሕመም ይሰማዋል የሚለውን እንደማይሽር በግልጽ አስፍሯል፤ ሜይሂው በ1847 የጻፈው የጥንቃቄ ሐሳብ የሳይንስ መደበኛ አቋም እስኪሆን 173 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ውሻ በበር ጠባቂነት ታስሮም ሆነ በቤት ውስጥ በፍቅር ተይዞ የሚያኖር ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ግዴታ አለ። ለመነሣት የሚቸገር፣ ደረጃ የሚፈራ፣ አንድን መገጣጠሚያ ደጋግሞ የሚልስ ወይም ገራም ሆኖ ሳለ በድንገት የሚቆጣ ውሻ አርጅቷል ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ ለእንስሳት ሐኪም ሊታይ ይገባዋል። በቤት የሚገኙ የሰው ማስታገሻዎች፣ በተለይም አይቡፕሮፌን፣ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት አቁስለው ሊገድሉት ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይስጡት።